የቤት ኢንተርኔት ሲያስቸግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከበደው ይሄዳሉ፤ የሚያስቸግርዎትን ብቻ መርጠው ማንበብም ይችላሉ።

ሞደም እና ራውተር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሞደም ከውጭ በመስመር የሚመጣውን ምልክት ቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ወደሚረዱት የሚቀይር ነው። መስመሩ የስልክ ሽቦ ከሆነ የዲኤስኤል ሞደም፣ ፋይበር ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኦኤንቲ የሚባለው ሳጥን ይህን ሥራ ይሠራል። ራውተር የገባውን አንድ ግንኙነት ተቀብሎ ለስልኩ፣ ለኮምፒውተሩና ለቴሌቪዥኑ ያከፋፍላል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ የሚሰጠውም እሱ ነው። ዋይፋይ ማለት ከራውተሩ እስከ መሣሪያው ያለው ገመድ አልባ መንገድ ብቻ ነው።

ዛሬ ሦስቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሳጥን ተጠቃለው ስለሚመጡ «ዋይፋይ ጠፋ» እና «ኢንተርኔት ጠፋ» አንድ ነገር ተደርገው ይነገራሉ። አንድ አይደሉም። መንገዱን በሦስት ከፍለው ያስቡት፦ ከአቅራቢው እስከ ሞደሙ፣ ከሞደሙ እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ እስከ እጅዎ ላይ ያለው መሣሪያ። የተቋረጠው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ምንም ነገር አይቀይሩ፤ ብዙ ደህና ራውተር የተጣለው፣ ብዙ ገንዘብም የባከነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ ምን ልመልከት?

በሌላ መሣሪያ ይሞክሩ። ስልኩ ላይ ጠፍቶ ላፕቶፑ ላይ ካለ ችግሩ የስልኩ ነው፤ ራውተሩን መነካካት አያስፈልግም። በስልክ ሲሞክሩ የሞባይል ዳታውን ያጥፉት፤ አለበለዚያ ዋይፋዩ ሳይሠራ ስልኩ በዳታ እየከፈተ ያሳስትዎታል። የአገልግሎት ክፍያው ወይም ፓኬጁ አለማለቁንም ያረጋግጡ፤ ሁሉም መብራት በትክክል እየበራ ምንም የማይከፍት መስመር ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁሉም ላይ ከጠፋ ብሮውዘር ከፍተው የራውተሩን አድራሻ ይጻፉ። በአብዛኛው 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይም ይገኛል። የራውተሩ ገጽ ከተከፈተ ከእርስዎ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ደህና ነው፤ የተቋረጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ካልተከፈተ ላፕቶፑን በኬብል አገናኝተው ይድገሙት። በኬብል ተከፍቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው፤ በሁለቱም እምቢ ካለ ኬብል ቀይረው አንዴ ይሞክሩና ካልሆነ ራውተሩን ይጠርጥሩ።

ራውተሩን ነቅሎ መሰካት እውነት ይረዳል?

ይረዳል፣ ምክንያትም አለው። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ለሳምንታት ሳያርፍ ሲሠራ ሜሞሪው ይሞላል፤ አንዳንዴም ከአቅራቢው ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጦ ራውተሩ ግን እንዳለ ቆጥሮ ይቀመጣል። ሲጠፋ ይህ ሁሉ ይጸዳል፣ ሲበራ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጠይቃል።

ከሶኬት ነቅለው 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ነው። ሞደሙና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱንም ይንቀሉና መጀመሪያ ሞደሙን ይሰኩ፤ መብራቱ እስኪረጋ 2 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ራውተሩን ያስከትሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ራውተሩ ገና ካልተነሣ ሞደም አድራሻ ጠይቆ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በቀን ሁለት ሦስቴ መንቀል የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ሥሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ከታች ስለ አዳፕተርና ሙቀት የተጻፈውን ይመልከቱ።

ሪሴት የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ቀዳዳ ልጫን?

አይጫኑ። ሪስታርት እና ሪሴት በስም ይቀራረባሉ እንጂ ሥራቸው የተራራቀ ነው። ቀዳዳዋን በመርፌ ጫፍ 10 ሰከንድ ያህል ሲጫኑ ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፦ የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ይጠፋል፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አቅራቢው ያስገባው የመስመሩ መግቢያ ስምና ፓስወርድ አብሮ ይጠፋል። ያ ከጠፋ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔት አይገባም፤ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

የመግቢያ ስሙና ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ እጅዎ ላይ ካለ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ይጫኑ። አሁን ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነ የራውተሩን ገጽ ከፍተው «ባክአፕ» በሚለው ቦታ ሴቲንጉን ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መብራቶቹ ምን ይናገራሉ? ቀዩ መብራት ምንድን ነው?

«ፓወር» የኤሌክትሪክ ነው። «ዲኤስኤል» ወይም ፋይበር ከሆነ «ፖን» የተባለው ከውጭ የሚመጣው መስመር ነው፤ ሳያቋርጥ ከበራ ተገናኝቷል፣ ብልጭ ድርግም ካለ ገና እየሞከረ ነው። «ኢንተርኔት» የሚለው ጠፍቶ ወይም ቀይ ሆኖ የመስመሩ መብራት ከበራ ግን ሽቦው ደህና ነው፤ የመግቢያ ስሙ፣ ክፍያው ወይም የአቅራቢው ሲስተም ነው የሚጠረጠረው። «ላን» በኬብል የተገናኘ መሣሪያ፣ «ዋይፋይ» ወይም «ደብሊውላን» ደግሞ የገመድ አልባው ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲሠሩ ብልጭ ድርግም ማለታቸው ጤንነት ነው።

ፋይበር ያለው ቤት ውስጥ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል «ብርሃን አልደረሰኝም» ማለቱ ነው። ራውተሩን ደጋግሞ ነቅሎ መሰካት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ከግድግዳው ሳጥን ወደ መሣሪያው የሚመጣውን ቀጭን ገመድ በእጅዎ እየተከተሉ ይዩት። በውስጡ ብርሃን የሚሄድበት የመስታወት ክር ውፍረቱ 9 ማይክሮሜትር ነው፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። በሶፋ እግር ሥር ተረግጦ፣ በበር ማጠፊያ ተቆንጥጦ ወይም «እንዳይዝረከረክ» ተብሎ በጠባቡ ተጠቅልሎ ብርሃኑ ከእጥፋቱ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። ጥቅልሉን ቢያንስ የቡና ሲኒ አፍ ያህል አስፍተው ይልቀቁት። ከዚያ መሣሪያው ላይ የተሰካውን፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነውን መሰኪያ ቀጥ አድርገው ይሳቡና «ቀጭ» እስኪል መልሰው ይግፉት።

ጫፉ ላይ ያለችውን ነጭ ዘንግ በጣትዎ አይንኩ፣ በአፍዎም እፍ አይበሉባት፤ በዓይን የማይታይ አቧራ ወይም የጣት ቅባት ብርሃኑን ይጋርዳል። ወደ ዓይንዎ አቅንተውም አይመልከቱት፦ ብርሃኑ አይታይም እንጂ ሌዘር ነው። ይህን አድርገው ቀዩ ካልጠፋ የተቆረጠው ከቤት ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ለአቅራቢው መደወል ነው።

የስልክ መስመር ኢንተርኔት ዝናብ ሲዘንብ ወይም ስልክ ሲጠራ ለምን ይቋረጣል?

ስልክ ሲጠራ ወይም ሲነሣ የሚቋረጥ ከሆነ መለያው፣ ማለትም ስፕሊተር ወይም ፊልተር የሚባለው ትንሽ ሳጥን የለም ወይም ተበላሽቷል። የሰው ድምፅ እና ኢንተርኔቱ በአንድ ሽቦ ላይ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሄዱት፤ ድምፁ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች፣ ዲኤስኤሉ ከዚያ በላይ። መለያው ከሌለ ይጋጫሉ። በዚያው መስመር ላይ ያለ እያንዳንዱ ስልክ፣ ፋክስና የአደጋ ደወል ጭምር መለያ ያስፈልገዋል። አንዷ የተረሳች ስልክ ብቻዋን መላውን መስመር ታውካለች።

በዝናብ የሚብስ ከሆነ የሽቦ መገጣጠሚያ ውስጥ ውኃ እየገባ ነው። ስልኩን አንሥተው ያዳምጡ፦ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ ለአቅራቢው ሲደውሉም «መስመሩ ድምፅ አለው» ብለው ይንገሩ። ከዚያ በፊት ግን ሞደሙን ሽቦው ቤት ውስጥ በሚገባበት የመጀመሪያው ሶኬት ላይ በአጭር ገመድ ሰክተው ይሞክሩ። እዚያ ላይ ጸጥ ካለ ችግሩ ቤት ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ነው፣ እሱን መቀየር ደግሞ የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው።

«ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ስልኩ ራውተሩ ጋር ደርሷል፤ ራውተሩ ግን ወደ ውጭ አላሻገረውም። ዋይፋዩን ተጭነው ዝርዝሩ ውስጥ «አይፒ አድራሻ» የሚለውን ያንብቡ። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ ሰጥቷል፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር ካሳየ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘምና ለራሱ አንድ ፈጥሯል ማለት ነው። ዋይፋዩን «ፎርጌት» ብለው እንደገና ይግቡ፣ ካልሆነ ራውተሩን ሪስታርት ያድርጉ።

50 ሜጋ ከፍዬ ፋይል የሚወርደው በ6 ነው። እየተታለልኩ ነው?

አይደለም። አቅራቢዎች የሚሸጡት በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 50 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 6.25 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል። 1 ጊጋባይት የሆነ ፋይል በዚህ ፍጥነት 160 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በ6 እየወረደልዎ ከሆነ የከፈሉትን በሙሉ እያገኙ ነው።

ፍጥነቱን በትክክል የምለካው እንዴት ነው?

በዋይፋይ የተለካ ፍጥነት በዋነኛነት የዋይፋዩን ጉልበት ነው የሚነግርዎ። ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙ፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች ያላቅቁ፣ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ካለ ያጥፉ፣ የሚወርድ ፋይልም ሆነ አፕዴት ያስቁሙ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይለኩና መካከለኛውን ይውሰዱ። ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ምሽት 3 ሰዓት አካባቢ ለየብቻ ይመዝግቡት።

የሚወጣው ቁጥር ሦስት ነው። «ዳውንሎድ» የሚመጣው፣ «አፕሎድ» የሚሄደው፣ «ፒንግ» ደግሞ አንድ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ በሚሊሰከንድ። ለቪዲዮ ጥሪና ለጨዋታ ወሳኙ ሦስተኛው ነው፤ ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ብቻ አይተው ይዘጉታል። ዳውንሎዱ ከፍ ብሎ ፒንጉ 300 ከሆነ ጥሪው መቆራረጡ አይቀርም።

ሳሎን ጥሩ ነው፣ መኝታ ቤት ግን ይሞታል። ምን ላድርግ?

ከመግዛትዎ በፊት ራውተሩን ያንቀሳቅሱ። በቁምሳጥን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ወለል ላይ የተቀመጠ ራውተር ጉልበቱን ገና ከመነሻው ይጨርሳል። ከቤቱ መሃል፣ ቢያንስ በደረት ከፍታ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት በሆነ ቦታ ያድርጉት። ብረት፣ ትልቅ መስታወት፣ የውኃ ታንከር እና በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ሲግናሉን በብርቱ ይበላሉ። አንቴናው ሲግናሉን የሚበትነው ወደ ጎኑ ነው እንጂ ወደ ጫፉ አይደለም፤ በአንድ ወለል ላይ ለሚኖር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ብዙ ራውተሮች ሁለት ዋይፋይ አላቸው። 2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳ ያልፋል፣ ራቅ ይላል፣ ግን ዝግ ያለና ከጎረቤት ጋር የሚጋፋ ነው። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን አንድ ሁለት ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። ስለዚህ ለመኝታ ቤቱ 2.4ን፣ ራውተሩ ላለበት ክፍል 5ን ይጠቀሙ። በ2.4 ላይ ቻናሉን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሬዲዮ ክፍል፣ በራውተሩ ገጽ በእጅ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ ላይ ያድርጉት፤ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚቀመጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ 3 ወይም 8 ብለው ቢመርጡ ከሁለት ወገን ይረበሻሉ። ማይክሮዌቭ ሲበራ ዋይፋዩ የሚንገራገጭ ከሆነም ምክንያቱ ማይክሮዌቩ የሚሠራው በዚያው በ2.4 አካባቢ መሆኑ ነው።

ነገሩን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማየት ከፈለጉ የዋይፋይ መለኪያ አፕሊኬሽን ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፦ -50 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) በጣም ጥሩ፣ -67 ለቪዲዮ ጥሪ የሚበቃ፣ -75 የሚያንገላታ፣ -85 ለስሙ ብቻ ያለ። ራውተሩን ግማሽ ሜትር አንቀሳቅሰው መኝታ ቤቱ ላይ እንደገና ያንብቡ፤ አንዳንዴ በዚያች ግማሽ ሜትር ብቻ ብዙ ይሻሻላል።

ማጉያ ልግዛ?

ማጉያ ወይም ሪፒተር የደረሰውን ሲግናል ነው መልሶ የሚያስተጋባው፤ ያልደረሰውን አይፈጥርም። ሲግናል በሌለበት መኝታ ቤት ውስጥ መሰካት ትልቁ ስህተት ነው። ስልኩ ላይ አምስት መስመር ይታያል፣ ኢንተርኔቱ ግን አይንቀሳቀስም፣ ምክንያቱም አምስቱ መስመር ከማጉያው ነው እንጂ ከራውተሩ አይደለም። በመንገዱ አጋማሽ፣ -65 ገደማ በሚያነብበት ቦታ ይሰኩት። በአንዱ ሬዲዮ የሚቀበልም የሚያስተላልፍም ርካሽ ማጉያ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስም ይወቁ።

የሚመረጠው ኬብል መሳብ ነው። ከራውተሩ ወደ ሩቁ ክፍል አንድ የኔትወርክ ኬብል ዘርግተው ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት (በኬብል የመጣውን ወደ ዋይፋይ የሚቀይር ሳጥን) ቢያስቀምጡ ፍጥነቱ አይጎድልም። አሮጌ ራውተር ካለዎት ለዚሁ ያገለግላል፦ አድራሻውን ከዋናው የተለየ ያድርጉ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2፤ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ማለትም አድራሻ ማደያውን ያጥፉ፤ ኬብሉን ከውጭ ለሚመጣው መስመር በተሠራው «ዋን» ወደብ ላይ ሳይሆን «ላን» ላይ ይሰኩ። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ከረሱ ሁለት ራውተሮች አድራሻ ያድላሉ፣ መሣሪያዎቹም አንዴ ይሠራሉ አንዴ ይጠፋሉ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ቀን ያስጨርሳል።

በኬብል እንኳ ከ95 ሜጋቢት አላልፍ አለ፣ የከፈልኩት ግን 200 ነው

ቁጥሩ ሁልጊዜ 94 ወይም 95 ላይ የሚቆም ከሆነ አንድ ቦታ ላይ በ100 የተገደበ ነገር አለ። ወይ የራውተሩ ወይም የላፕቶፑ ወደብ የ100 ነው፣ ወይ ኬብሉ ተጎድቷል። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ለ100 ሜጋቢት 4ቱ ይበቃሉ፣ ለጊጋቢት ግን 8ቱም ያስፈልጋሉ። ከቀሩት 4 አንዷ ብትበጠስ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሳያውቀው ዓመት የሚቆየው።

ኬብሉ ላይ «ካት 5ኢ» ወይም ከዚያ በላይ መጻፉን ይዩ፤ እስከ 100 ሜትር ርዝመት ጊጋቢት ያሳልፋል። መሰኪያው ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ኬብሉ ሲነካ ይላላል፤ እሱን በሶፍት ወይም በወረቀት ከማጣበቅ መቀየር ይሻላል።

ማታ ማታ ለምን ይንቀራፈፋል?

የፋይበር መስመር ከአቅራቢው እስከ ቤትዎ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ጂፖን በሚባለው የተለመደ አሠራር 2.5 ጊጋቢት ገደማ የሆነ አንድ መስመር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል፤ ከዚያ በላይ ያለው መስመር ደግሞ የአካባቢው ሁሉ ነው። ሁሉም ከሥራ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት ይጨናነቃል። ግን የጎረቤቶች ዋይፋይም የሚጋፋው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ከመማረርዎ በፊት ይለዩት፦ ምሽት 3 ሰዓት ላይና ንጋት 12 ሰዓት ላይ በኬብል ይለኩ። በኬብልም ማታ ማታ የሚወርድ ከሆነ የአቅራቢው ነው፤ በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከወረደ ቻናል ይቀይሩ ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይሂዱ።

አንድ ሰው ፋይል ሲልክ የሌላው ጥሪ ለምን ይቆራረጣል?

የቤት መስመር ብዙ ጊዜ አፕሎዱ ከዳውንሎዱ ያነሰ ነው። አንድ ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር ጠባቡን መውጫ ይሞላዋል። ራውተሩ የተረፈውን ከመጣል ይልቅ ወረፋ ያስይዘዋል፣ ወረፋው ሲረዝም የእርስዎ ድምፅም ከፎቶዎቹ ኋላ ይሰለፋል። ፒንጉ ከ20 ወደ 500 ይዘልላል። መስመሩ አልተበላሸም፣ ተጨናንቋል እንጂ። ዳውንሎድም አብሮ ይዘገያል፤ የሚወርድ ነገር ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል መልስ በዚያችው ጠባብ መውጫ መላክ አለበትና።

ራውተሩ ላይ «ኪውኦኤስ» ወይም «ኤስኪውኤም» የሚል ካለ ያብሩትና የአፕሎዱን ገደብ በኬብል ከለኩት 85 እስከ 90 በመቶ ላይ ያድርጉት። ትንሽ ፍጥነት ትቶ ወረፋውን ራውተሩ ራሱ እንዲቆጣጠረው ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ሴቲንግ ከሌለ የስልኮቹን ፎቶ መጫኛ ሌሊት ላይ እንዲሠራ ያስተካክሉት።

ሰው በዋይፋዬ እየተጠቀመ እንደሆነ እንዴት ላውቅ?

የራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። የቤቱን መሣሪያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ዋይፋያቸውን እያጠፉ ከዝርዝሩ ሲወጡ ይዩ፤ መጨረሻ ላይ የቀረው እንግዳ ነው። የማያውቁት ስም ስላዩ ብቻ አይደንግጡ፦ ዘመናዊ ስልኮች መለያ ቁጥራቸውን ይቀያይራሉ፣ ቴሌቪዥኑም በማይገባ ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ጥርጣሬ ካለ ፓስወርዱን ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር አድርገው ይቀይሩት፣ ጥበቃውን ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ላይ ያድርጉት፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን «ደብሊውፒኤስ» ያጥፉት። ባለ 8 አኃዙ የደብሊውፒኤስ ፒን በሙከራ ሊሰበር የሚችል ደካማ በር ነው። የራውተሩን ገጽ መክፈቻ ፓስወርድም ይቀይሩ፤ ከፋብሪካ እንደመጣ የተተወ ከሆነ ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ሊከፍተው ይችላል። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ጥበቃ አይደለም፤ በቀላል አፕሊኬሽን ይታያል።

ራውተሩ በራሱ ጠፍቶ ይበራል

አዳፕተሩን ይጠርጥሩ። ሲያረጅ ቮልቱ ይወርዳል፤ ራውተሩ ባዶውን ይነሣል፣ ሁለት ሦስት ሰው ሲገናኝና ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ለምሳሌ «12 ቮልት 1 አምፒር»። የሚተካው ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የመሰኪያው የመሃልና የዳር የ+ እና የ- ምልክቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የ9 ቮልቱን በ12 መተካት ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። መሰኪያው ገባ ማለቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ሙቀትም ሌላው ነው። የራውተሩ ጎንና ሥር ያሉት ቀዳዳዎች በአቧራ ወይም በዳንቴል ከተሸፈኑ ይግለጧቸው፣ ሞደም ላይ ራውተር አይደራርቡ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የቮልት ዝላይ አዳፕተር ይገድላል፤ መብራት ሲሄድ ነቅለው፣ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ይሰኩ። ለራውተር የሚሠራ ትንሽ ባለ ባትሪ ዩፒኤስ ካለ የመብራት መጥፋቱንም የቮልት ዝላዩንም ያቃልላል። ነጎድጓድ ሲኖር ከኤሌክትሪኩ በተጨማሪ የስልክ ሽቦውንም ይንቀሉ፤ መብረቅ በዚያም ይገባል።

አንዳንድ ገጾች ይከፈታሉ፣ ሌሎቹ አይከፈቱም

ብሮውዘር ላይ 1.1.1.1 ብለው ይጻፉ። በቁጥር ተከፍቶ በስም የሚጻፉት እምቢ ካሉ የተበላሸው ዲኤንኤስ ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልግሎት። በራውተሩ ወይም በመሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ያድርጉት። የመጀመሪያው የጉግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር ነው። ገጾቹ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ከተዘጉ ግን የመሣሪያውን ቀንና ዓመት ይመልከቱ፤ ባትሪዋ ያለቀባት ኮምፒውተር ዓመቱን ወደ ኋላ ስትመልስ የገጾቹ የምስክር ወረቀት ገና ያልጸደቀ ይመስላታል።

ስሙ ይተረጎማል፣ ገጹ መጫን ይጀምራል፣ ከዚያ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ የኤምቲዩ፣ ማለትም የአንድ የዳታ ጥቅል ትልቁ መጠን፣ ችግር ምልክት ነው። የተለመደው የዳታ ጥቅል 1500 ባይት ነው፤ በመግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚሠራው የፒፒፒኦኢ መስመር ግን 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ የሚተርፈው 1492 ነው። ራውተሩ 1500 ላይ ከተተወ ትልልቁ ጥቅል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ትንንሹ ያልፋል። ለዚህ ነው ጽሑፍ መልእክት እየሄደ ፎቶ የማይሄደው። የራውተሩ «ዋን» ገጽ ላይ ኤምቲዩውን 1492 ያድርጉት፣ ቪፒኤን ካለ ደግሞ 1400 ይሞክሩ።

የቤት ካሜራዬን ከውጭ ሆኜ ማየት አልቻልኩም፣ ፖርት ከፍቼ እንኳ

የራውተሩ «ዋን» አድራሻ እና «የእኔ አይፒ» በሚል ፍለጋ የሚወጣው አድራሻ አንድ መሆናቸውን ያወዳድሩ። ከተለያዩና የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ አቅራቢው አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፤ ሲጂናት ይባላል። የሚከፍቱት ፖርት፣ ማለትም ከውጭ ወደ ካሜራው የሚያስገባው በር፣ ከቤትዎ ራውተር አያልፍም። መፍትሔው የራስዎን የውጭ አድራሻ ከአቅራቢው መጠየቅ ወይም ካሜራው በራሱ ክላውድ እንዲገናኝ ማድረግ ነው። የራውተሩ «ዋን» በ192.168 ከጀመረ ግን ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ ማለት ነው፤ አንዱን «ብሪጅ» ያድርጉት፣ ማለትም አድራሻ ሳያከፋፍል መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ።

ለአቅራቢው ስደውል ምን ብል ፈጥኖ ይሠራል?

«ኔት ጠፍቷል» ካሉ የሚመጣው መልስ «ነቅለው ይሰኩት» ነው፣ እሱን ደግሞ አድርገዋል። ይልቅ ያዩትን ይንገሩ፦ የደንበኛ ቁጥርዎ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጠፋ፣ የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ በኬብል ሞክረው እንደሆነ፣ በምን ሰዓት ምን ያህል ሜጋቢት እንደለኩ። ፋይበር ከሆነ የራውተሩ ገጽ ላይ «ኦፕቲካል» በሚለው ሥር የተቀባዩን ጉልበት ያንብቡላቸው፤ -20 ገደማ ጤነኛ ነው፣ ወደ -27 ሲጠጋ መስመሩ ሊጠፋ ጫፍ ላይ ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ባለሙያ የታጠፈ ወይም የቆሸሸ ፋይበር እንደሚፈልግ አውቆ ይመጣል። ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት የአቤቱታውን ቁጥር ይጠይቁና ከቀኑ ጋር ይጻፉት፤ ሁለተኛ ሲደውሉ ከመጀመሪያው እንዳይጀምሩ የሚያደርግዎ እሱ ነው።